በካዎው ግቢ የአንድ ቀን እህት

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» ሲለኝ የኖረው የካዎው ግቢ ከቤታችን በባጃጅ አርባ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ካዎ ማለት በወላይትኛ ንጉሥ ነው። ከዳሞታ ተራራ ወዲያ የድሮዎቹ ነገሥታት የተቀመጡበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ስለ ቦታው ያውቃል፤ ሄዶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ትዝ የሚለን ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣብን ብቻ ነው። እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ አይበዛም ነበርና ጉዞው ከዛሬ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ ከነገ ወዲያ ሲገፋ ቆይቶ ሞት ቀደመን። ባለቤቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

ብቻዬን የሄድኩት ባለፈው ጊፋታ ማግስት ነው። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ መስከረም ላይ ይውላል፤ ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ቤት ይሄዳል። ጎረቤቶቼም አንዱ ወደ አረካ፣ አንዱ ወደ ሁምቦ፣ ሌላው የት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ሁሉም ቤታቸውን ቆላልፈው ቁልፉን እኔ ጋ አስቀመጡ። የሦስት ቤት ቁልፍ፣ የአንዱ ቤት ዶሮዎች፣ የሌላው ደግሞ ውሻ። የትም እንደማልሄድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። መታመን ደስ ይላል ይባላል፤ እኔን ግን አበሸቀኝ። የሰው ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ሻይ ስጠጣ «ይቺ ሴትዮ የበዓል ዘበኛ ሆና ቀረች» አልኩ ለራሴ።

የባለቤቴ ዘመዶች ከቢጠና ወዲያ ናቸው። ለቀብሩ መጥተው ሦስት ቀን አልቅሰው ተመለሱ፤ በዓመቱም ሁለቱ መጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። ክፉ ሆነው አይደለም። ልጅ አልወለድንም። ልጅ ቢኖር ኖሮ ልጁ የእነሱ ነው፤ በእሱ ሰበብ ደጄን ይረግጡ ነበር። የኔ ወገኖች ደግሞ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ የወታደር ዘሮች ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሞቱ፣ ወጣቶቹ አንዳንዱ አዋሳ፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ገባ። ለበዓል ስልክ ይደውላሉ። ያውም ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ እንጂ በጊፋታ ቀን የሚደውልልኝ የለም።

ዶሮዎቹን አበላሁ፣ ውሻውን አበላሁ፣ ጫማዬን ወልውዬ ወጣሁ።

የባጃጁ ሾፌር ሪዛም ጎልማሳ ነው። «ለብቻሽ ነው?» አለኝ። «ለብቻዬ ነው።» «እዚያ የሚጠብቅሽ ሰው አለ?» «ካዎው ይጠብቀኛል» አልኩት። ኮምጨጭ ብዬ ስለነበር ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። መንገዱን ካጋመስን በኋላ ቆጨኝ። ቢያወራኝ ኖሮ ምን ነበረበት? ሰው ቀርቦ ሲጠይቀኝ እነክሳለሁ፣ ሲተወኝ ደግሞ እከፋለሁ። ይህ ጠባይ ድሮም ነበረብኝ፤ ባለቤቴ ይስቅበት ስለነበር እንደ ቀልድ ይታይ ነበር።

ግቢው እንዳሰብኩት አልነበረም። ቤተ መንግሥት ሲባል የጎንደር ግንብ ነው በዓይኔ የሚመጣው። እዚህ ያለው ግን ሜዳ ነው፤ የቀርከሃ አጥር፣ ጥቂት ትልልቅ ዛፎች፣ መሃል ላይ ደግሞ በድሮው አምሳያ እንደገና የተሠራ ትልቅ ሣር ቤት። በሩ አጠገብ አንዲት ጠረጴዛ አለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ደብተር፣ ከደብተሩ ኋላ ካፖርት የለበሱ፣ ባርኔጣ ያጠለቁ ሽማግሌ። የግቢው ጠባቂ ናቸው። ሌላ ጎብኚ አልነበረም።

«መጀመሪያ መዝገብ» አሉኝ።

መዝገብ ለእኔ ሥራዬ ነበር። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጫለሁ። ሳልሞላ ያለፍኩት ቦታ የለም፤ ባለጉዳይ አንዲት ረድፍ ባዶ ትቶ ከመጣ ቅጹን መልሼለት «ሞልተህ ና» እለው ነበር። ስንቱን ሰው እንዳመላለስኩት እግዜር ነው የሚያውቀው። የሽማግሌው ደብተር በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ስም፣ ከየት፣ ጎሳ፣ ፊርማ። ስሜን ጻፍኩ። ከየት በሚለው ሥር ሶዶ ብዬ ጻፍኩ። ጎሳ የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

እዚህ ላይ የወላይታን ነገር ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። እዚህ እያንዳንዱ ሰው ጎሳ አለው፤ የአባቱን ጎሳ ይይዛል። አንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎች ተያይተው ባያውቁ እንኳ ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም፤ ቢጋቡ ነውር ነው። ሴት ብታገባም የአባቷን ጎሳ ይዛ ትኖራለች እንጂ የባሏን አትወስድም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን በየሠርጉና በየለቅሶው ሰው ጎሳችንን ሲጠይቅ ባለቤቴ ለሁለታችንም አንድ ላይ ይመልስ ነበር፤ እኔም ከጎኑ ቆሜ ራሴን እነቀንቅ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባዶ ረድፍ ትቼ መነሣት ደግሞ አልችልበትም። የእሱን ጎሳ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ጣታቸው ረድፉ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝና ከወንበራቸው ተነሡ።

«አንቺ የኛ ልጅ ነው?»

የሳቸውም ጎሳ ያው ኖሯል። ይህ ሊሆን ይችላል ብዬ አላሰብኩም። ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ጉንጬን ደጋግመው ሳሙኝ። «ሚቼ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረው «ነይ! እህቴ መጥቷል!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ።

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «የባሌ ጎሳ ነው፣ የኔ አይደለም» ለማለት ትንፋሽም አይፈጅም። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን አይቶ ከወንበሩ የተነሣልኝ ሰው አልነበረም። ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ይህንን አልደብቅም።

ግቢውን ዞረው አሳዩኝ። «እርስዎ እዚህ ከጀመሩ ስንት ዓመት ሆነዎት?» ብላቸው ተቆጡ። «ወንድም እርስዎ ይባላል እንዴ? አንተ በይ!» ሰባ አምስት የሚሆናቸውን ሰው አንተ ማለት አቃተኝ፤ ስለዚህ አንተም እርስዎም ሳልል፣ «ይሄ ምንድነው? ያስ?» እያልኩ ዞርኩ። ሣር ቤቱ ውስጥ ገባን፤ ጣሪያው ከውጭ ከሚታየው ይልቅ ከውስጥ ይረዝማል፤ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው። ካዎው የሚቀመጡበትን፣ አማካሪዎቹ የሚቀመጡበትን፣ ፈረስ የሚታሰርበትን አሳዩኝ። በሩ ጋ ስንመለስ ቆም አሉ።

«እዚህ ባለጉዳይ ይቆማል። ከውስጥ ሰው ወጥቶ የማን ልጅ ነህ ይለዋል። ይሄን ያልተናገረ አይገባም። አንቺ ግን በቀጥታ ገባሽ» ብለው ሳቁ።

አብሬ ሳቅሁ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ከቤቱ ኋላ በጦርነት ጊዜ የተቆፈረ ጉድባ አለ። ዝናብና ሣር ሞልቶት አሁን ሰው ሊዘለው የሚችል ሆኗል። ሽማግሌው ጫፉ ላይ ቆመው ዱላቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። «ጦሩ በዚህ መጣ» አሉኝ። «አያቴ ሕፃን ነበር። ጭሱን እስኪሞት አልረሳም። ቤቱ ተቃጠለ፣ ከብቱ ተነዳ፣ ሰውም እንደ ከብት ተነዳ። ይሄ ሌላ ሰው ላይ አይደለም። እኔና አንቺ ላይ ነው።»

ቅድመ አያቴ የመጣው ከዚያ ጦር ጋር ነው። ቤታችን ውስጥ ይህ ነገር እንደ ማዕረግ ነበር የሚወራው፤ ስንት ቀን እንደተጓዙ፣ መሬት እንዴት እንደተሰጣቸው፣ አያቶቼ በምን ዓይነት ቤት እንደተወለዱ። ወሬው ውስጥ ጭስ አልነበረም። ጉድባው ጫፍ ላይ ቆሜ «እኔና አንቺ» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ፤ እሳቸው ግን ያዘንኩ መሰላቸውና ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉ።

ባለቤቴን አሰብኩት። እሱ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ልጅ ሆኖ አባቱ እዚህ አምጥተውታል። «አንድ ቀን» እያለ የሚያቆየኝ በስንፍናው ይመስለኝ ነበር፤ ሰነፍ ብዬው አውቃለሁ፣ ደጋግሜ። እዚያ ቆሜ ግን ሰነፍ እንዳልነበረ ጠረጠርኩ። ይህን ወሬ ከሰው አፍ እንዳልሰማ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲከልለኝ ኖሮ ይሆናል። አሁን ብጠይቀው ማን ይመልስልኛል? በጣም ናፈቀኝ። የሰማሁትን ለእሱ መናገር ነበር የፈለግኩት።

ቀትር ላይ የሽማግሌው ሚስት ጓሮ ባለው ጎጇቸው ጥላ ሥር አስቀመጡን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይናቸው ከሰው ላይ የማይነሣ ሴት ናቸው። አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ እኔ ደግሞ ወላይትኛ ከምናገረው ይልቅ የምሰማው ይሻላል፤ ተግባባን። ምግቡ ሳይቀርብ በፊት ሻሼን ፈቱና አናቴ ላይ ለጋ ቅቤ አስቀመጡልኝ። ለበዓል አባቷ ቤት የመጣች ሴት እንዲህ ነው የምትደረገው አሉ። ከዚያ የተቀቀለ ጎደሬ መጣ፣ ከነትኩሳቱ፤ ከጎኑ ዝንጅብሉና ቃሪያው ዓይን የሚያስነባ ዳታ። እየላጡ ያጎርሱኝ ጀመር። ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ በጆሮ ግንዴ ሲወርድ ይሰማኛል፣ አፌ በዳታው ይቃጠላል፣ ሁለት ሽማግሌዎች ብዪ ብዪ ይሉኛል። ጠግቤ እንኳ እምቢ ማለት አላሰኘኝም። የዚያን ዕለት ጎደሬ ሁለት ዓመት ለብቻዬ ከበላሁት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ሴትዮዋ እጃቸውን ጠርገው በወላይትኛ ጠየቁኝ።

«ባልሽ የማን ልጅ ነው?»

ባሌ ከየትኛው ጎሳ ነው ማለታቸው ነው። የሚጠየቅ ነገር ነው፤ ከዚያ ውጭ ምን ይጠይቁኝ? ጎሳውን እንዳለ ብናገር ወንድሜን ያገባሁ ነኝ፤ ጎደሬው ጉሮሯቸው ላይ ይቆማል። የሌላ ጎሳ ስም ብጠራ ባሌን ከነአባቱ ከነአያቱ መካዴ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ቅቤውን አናቴ ላይ እንደያዝኩ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ወደ ሦስት ሰው ቁልፍና ወደ ሰው ዶሮ።

«አላገባሁም» አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ቀላል መሰለኝ። ከሦስቱም የሚያድነኝ ትንሽ ውሸት መሰለኝ። ሴትዮዋ «እስከ ዛሬ?» ብለው ፊታቸው በኀዘኔታ ተለወጠ፤ ትልቁን ጎደሬ መርጠው ልጠው ሰጡኝ። ሽማግሌው ወደ መሬት አዩ። ጎደሬውን ተቀብዬ ዋጥኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ የተኛ፣ ስታመም ሾርባ ሠርቶ ያጠጣኝ፣ መካንነታችን ከማን እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቀ ሰው፣ ለአንድ ጉርሻ ስል እንዳልነበረ አደረግሁት። ራሴን ጠላሁት። ይህን እያሰብኩም የሚቀጥለውን ጉርሻ ለመቀበል አፌን ከፈትኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልሂድ አልኩ። ሚስታቸው ጎደሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አስያዙኝ፤ ሽማግሌው ባጃጅ እስካገኝ ሊሸኙኝ አብረውኝ መንገዱ ዳር ወጡ። ባጃጅ ቶሎ አልመጣም። ፀጥ ያለ ነው፤ በበዓል ማን ይንቀሳቀሳል። ዱላቸው ላይ ተደግፈው ሲያወጡ ሲያወርዱት የቆዩትን ነገር ተናገሩ።

«እንግዲህ ሰው አለሽ። ብቻዬን ነኝ አትበዪ። ስትታመሚ ይነገረን። ስትሞቺም፣ እግዜር ያርቀው፣ ለጎረቤትሽ ንገሪ፣ እኛን ይጥራ። ያላገባ እህት ወንድሙ ነው የሚቀብረው። አባቴ መሬት ላይ ቦታ አለ፣ ጥሩ ቦታ ነው፣ ጥላ አለው። እናቴ እዚያ ነው። አንቺም እዚያ ነው። ሜዳ ላይ አትወድቂም።»

ሰው ለሰው ከዚህ በላይ ምን ሊሰጥ ይችላል? ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት የምፈራው ይህንኑ ነበር፤ ማን ያገኘኛል፣ ማን ያነሣኛል እያልኩ። መልሱ ተሰጠኝ። እጃቸውን ይዤ መሳም ነበረብኝ።

«አይሆንም!» ብዬ ጮኽኩ። «ባሌ አጠገብ ነው የምቀበረው!»

ዞረው አዩኝ። «ባል የለኝም አልሽ።»

«ነበረኝ። ሞቶ ነው።» ከዚያ በኋላ አንደበቴን የሚይዘው ጠፋ። «የጻፍኩት ጎሳ የእሱ ነው። የእርስዎ ወንድም እሱ ነው እንጂ እኔ እህትዎ አይደለሁም። እኔ ጎሳ የለኝም። ቅድመ አያቴ ከዚያ ጦር ጋር የመጣ ወታደር ነው፤ ጉድባው ጋ ያሳዩኝ ጦር። መዝገቡ ላይ ባዶ መተው አቅቶኝ ነው የጻፍኩት። ከዚያ ሚቼ ሲሉኝ… መመለስ አቃተኝ።»

ሽማግሌው ወደ ግቢው አዩ፣ ወደ እግራቸው አዩ። አንድ ባጃጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ፤ ሾፌሩ «ሶዶ?» አለ፤ የመለሰለት የለም። እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ይዞ መሄድ ይቀላል። ጎደሬውን ልመልስላቸው ዘረጋሁ፤ አልተቀበሉኝም።

«መቼ ሞተ?» አሉኝ።

«በጥቅምት ሁለት ዓመት ይሞላዋል።»

«በምን?»

«ልቡ ነው። ወንበር ላይ እንደተቀመጠ።»

«ዕድሜው?»

«ስልሳ አራት ነበር።»

«ታናሼ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ማን ነገረን?» አሉ። «ወንድማችን ሲሞት ማን ነገረን?»

«ማንም» አልኩ። «እንዳላችሁ አላወቅሁም።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡ። ዱላቸውን ጣሉት። ደረታቸውን በጡጫ መቱና «ታ እሻው! ታ እሻው!» ብለው ድምፃቸውን ለቀቁ፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ ማለት ነው። አይተውት ለማያውቁት ሰው፣ አስከሬኑ ፊታቸው እንዳለ ሁሉ ወዲህ ወዲያ እያሉ አለቀሱለት። የባጃጁ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ድምፁን ሰምተው የሽማግሌው ሚስት ከግቢው ሮጠው መጡ፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጩኸቱን ተቀበሉ።

እኔ ባለቤቴን ስቀብር ካለቀስኩት በኋላ ያለቀስኩት ሁሉ ጎረቤት እንዳይሰማኝ በሬን ዘግቼ ነው። ኮባውን መሬት ላይ አኖርኩና በሁለቱ መሃል ቆምኩ። ባሌን በስሙ ጠራሁት፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማኝ።